«ዓሣውን እዚያው እየጠበስን እንበላለን» እና ሌሎችም፦ ወደ ባሌ ለትራውት የሚወጡ የድሬና የሐረር ልጆች ስህተቶች

«ትራውት ሐሮማያም አለ።» የለም። የሐሮማያው ቆሮሶና አምባዛ ነው። ትራውት ከኬንያ መጥቶ የባሌ ደጋ ወንዞች ውስጥ የተለቀቀ የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ነው፤ ውኃው ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ ይጨነቃል፣ 25 አካባቢ ይሞታል። መሄጃችሁ ወይብ፣ ዳንካና ሻያ ነው።

«ባሌ ጎረቤታችን ነው።» ካርታ ላይ አዎ። መሬት ላይ ግን መሐል የዋቢ ሸበሌ ሸለቆ አለ፤ ዋናው መንገድ በአዋሽ፣ በአዳማ፣ በአሰላና በዶዶላ ዞሮ ነው የፓርኩ መግቢያ ከተማ ዲንሾ የሚያደርሳችሁ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ዲንሾ ከ3,000 በላይ። ዲንሾ በደረሳችሁ ማግስት ቦርሳ አትሸከሙ፤ ሁለት ሌሊት እዚያው እደሩ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ አንድ ላይ ከመጡ ወደ ላይ መቀጠል የለም፤ ካልተሻለ መውረድ ነው።

«ክረምት ውኃው ሲሞላ ዓሣው ይበዛል።» ትራውት የሚያድነው በዓይኑ ነው፤ በደፈረሰ ውኃ ማባበያችሁን አያይም። ከኅዳር እስከ የካቲት ሂዱ።

«ስንቅ ለምን እንሸከማለን? ዓሣውን እየጠበስን እንበላለን።» ይህን የሚል ሰው የማይጠፋበት ቡድን የለም፤ ቡድኑን ሁሉ በሁለተኛው ቀን አስርቦ የሚመልሰውም እሱ ነው። እስቲ እናስላው። 250 ግራም የሚመዝን ትራውት ጭንቅላቱ፣ ሆድ ዕቃውና አጥንቱ ሲወጣ የሚተርፈው 130 ግራም ያህል ሥጋ ነው፤ ይህም ወደ 180 ካሎሪ ይሰጣል። ሸክም ይዞ ደጋ ላይ የሚጓዝ ሰው በቀን 3,000 ካሎሪ ይፈልጋል። ስለዚህ ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን 17 ዓሣ! አራት ከሆናችሁ ከ60 በላይ ማጥመድ አለባችሁ፣ ያውም በየቀኑ።

ለአንድ ሰው የቀን ስንቅ ይህን ያዙ፦ በሶ 250 ግራም፣ ቴምር 150፣ የባቢሌ ለውዝ 150፣ ሽሮ 100፣ ዘይት ወይም የተነጠረ ቅቤ 50። ድምሩ 700 ግራም፣ ጉልበቱ 3,000 ካሎሪ ገደማ። በሶው እሳት አይፈልግም፤ ዝናብ ምድጃችሁን ቢያጠፋው እንኳ ትበላላችሁ። ባቄላ፣ ሽምብራና ድፍን ምስር ቤት ይቅሩ። በ3,000 ሜትር ውኃ 90 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ ስለማይሞቅ ነፍሮው ሳይበስል ጋዙ ያልቃል። ሽሮ ዱቄት ስለሆነ ቶሎ ይደርሳል። የደጋውን ቁጥቋጦ፣ አስታን፣ ቆርጦ ማንደድ የሚባል ነገር አይታሰብ።

ዓሣው ከተገኘ ምርቃት ነው። እንደያዛችሁት ሆዱን ቅደዱ፤ ከቆየ ከሆድ ዕቃው ጀምሮ ይበላሻል። ሆድ ዕቃውን ከወንዙም ከድንኳኑም ራቅ አድርጋችሁ ቅበሩ። ጅብ ማብላት ሐረር ላይ ወግ ነው፤ የድንኳን በር ላይ ግን እንግዳ አትጥሩ።

«ጫት ከያዝን ብርድም ረሃብም የለም።» የተቀጠፈ ጫት በሁለት ቀን ኃይሉን ያጣል፤ ወንዙ ጋ ስትደርሱ የያዛችሁት ገራባ ነው። ትኩስ ቢሆንስ? የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ያሳጣል፣ ልብ ያስሮጣል። ከፍታው ብቻውን ይህንኑ ስለሚያደርግ የቱ እንዳመማችሁ መለየት ያቅታችኋል።

«ጋቢ ይበቃል።» ጋቢ ጥጥ ነው፤ ከረጠበ አያሞቅም፣ በዚያ ጭጋግ ደግሞ አይደርቅም። በበጋ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። እስከ 10 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚችል የመኝታ ከረጢት ያዙ፤ ከሥሩም ፍራሽ፣ ምክንያቱም ሙቀታችሁን ይበልጥ የሚወስደው መሬቱ ነው።

«የሐዋሳው ክርና መንጠቆ ይሠራል።» ወፍራም ነው፤ በጠራ ውኃ ዓሣው አይቶት ይሸሻል። 0.18 ሚሊ ሜትር ክር፣ ከ3 እስከ 5 ግራም የሚመዝን እስፒነር (ውኃ ውስጥ የሚሽከረከር የብረት ማባበያ)፣ ቁጥር 10 ወይም 12 መንጠቆ ይበቃል፤ የመንጠቆውን እሾህ በፒንሳ ደፍጥጡት፣ ትንሹን ዓሣ ሳትጎዱት ለመመለስ። ትራውት ፊቱን ወደ ላይኛው ወራጅ አዙሮ ነው የሚቆመው። ከኋላው፣ ከታች በኩል ዝቅ ብላችሁ ቅረቡና ወደ ላይ ወርውሩ፤ ፏፏቴው ሥርና ከድንጋይ ጀርባ፣ አየር የሚበዛበት ቦታ ላይ።

«ወንዝ ባለቤት የለውም።» የምታጠምዱት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። የማጥመጃ ፈቃድ፣ አስጎብኚና የጭነት ፈረስ ዲንሾ ላይ ጨርሳችሁ ግቡ።