«መቼ ይቀየር?»፦ ስለ ምርጫ ሥርዓት ለውጥ ጊዜ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በከተማችን ዳር፣ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ የእድር ስብሰባ ካለቀ በኋላ ሰው ሳይበተን የሚቀጥል ወግ አለ። ምርጫ ሲነሣ ክርክሩ የአብላጫ ድምፅ ሥርዓቱ (በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘው እጩ ብቻ ወንበሩን የሚይዝበት) ይቀየር ወይስ አይቀየር ከሚለው ይልቅ መቼ ይቀየር በሚለው ላይ ይጠነክራል። በዚያ ወግ ደጋግሜ የሰማኋቸውን ጥቂት አባባሎች እዚህ ላይ አነሣለሁ።

«ምክር ቤቱ ከፈለገ በአንድ ስብሰባ ያጸድቀዋል።»

ጉዳዩ የአዋጅ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ አባባል ትክክል ይሆን ነበር። ነገር ግን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት በየምርጫ ክልሉ በአብላጫ ድምፅ እንደሚመረጡ የሚደነግገው ሕገ መንግሥቱ ራሱ፣ በአንቀጽ 54 ነው። እርሱን ለማሻሻል በአንቀጽ 104 መሠረት ሐሳቡ የሚፈለገውን ድጋፍ አግኝቶ ለሕዝብ ውይይት መቅረብ አለበት፤ ከዚያም በአንቀጽ 105 መሠረት ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊያጸድቁት፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው በድምፅ ብልጫ ሊቀበሉት ይገባል።

ይህ መንገድ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ያለፈው ዐሥር ዓመት ያሳያል። በ2007ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበሮች ከያዙ በኋላ፣ መስከረም 30 ቀን 2009 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ መክፈቻ ላይ የምርጫ ሕጉ ተመጣጣኝ ውክልናን፣ ማለትም ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ መጠን ወንበር የሚያገኙበትን ሥርዓት፣ እንዲያካትት እንደሚሻሻል አስታወቁ። በተከተለው ድርድር ፓርቲዎቹ 80 በመቶው በአብላጫ ድምፅ፣ 20 በመቶው በተመጣጣኝ ውክልና በሚያዝ ቅይጥ ሥርዓት ላይ ተስማሙ። ሆኖም አንቀጽ 54 አልተነካም፤ የ2011ዱ የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 አብላጫውን ሥርዓት እንደያዘ ወጣ፤ የ2013ቱም ምርጫ በዚያው ተካሄደ። በእኔ አስተያየት የጎደለው ስምምነት ሳይሆን ከስምምነቱ ጋር አብሮ የታሰረ የጊዜ ሰሌዳ ነበር።

«ጊዜውን የሚቃወም ሁሉ ለውጡን ይጠላል።»

እንዲህ ብሎ መፈረጅ ይቀልላል፤ ሁልጊዜ ግን እውነት አይደለም። በብሪታንያ የምርጫ ሥርዓትን ስለመቀየር እ.ኤ.አ. ግንቦት 5 ቀን 2011 ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ፣ ቀኑ ከስኮትላንድና ከዌልስ ምርጫዎች ጋር መግጠሙ በፓርላማው ብርቱ ክርክር አስነሥቶ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት በምርጫ ማኒፌስቶው ይህንኑ ሕዝበ ውሳኔ ቃል ገብቶ የነበረው የሌበር ፓርቲ እንኳ፣ የሕዝበ ውሳኔው ሕግ የፓርላማ ወንበሮችን ከመቀነስ ጋር በአንድ ረቂቅ መታሰሩን ተቃውሟል። ተቃዋሚውን ከመፈረጅ በፊት የሚጠይቀው ቀን የትኛው እንደሆነና ምክንያቱ ምን እንደሆነ መስማት ይሻላል።

«አብላጫው ሥርዓት ሁልጊዜ የሚጎዳው ተቃዋሚዎችን ነው።»

አዲስ አበባ በ1997 ዓ.ም. የዚህን ተቃራኒ አይታለች። ተቃዋሚዎች የከተማዋን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ ሲወስዱ፣ በከተማዋ ለገዢው ፓርቲ የመረጠው ሰው ድምፅ አንድም ወንበር አላስገኘም። በሌሶቶ ደግሞ የተጎዱት ተቃዋሚዎች ነበሩ፦ እ.ኤ.አ. በ1998 ገዢው ፓርቲ በ60 በመቶ ገደማ ድምፅ ከ80 ወንበሮች 79ኙን ይዞ ነበር፤ ከውጤቱ በኋላ የተነሣውን ግርግር ተከትሎ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2002 በቅይጥ ሥርዓት መረጠች።

«ሥርዓቱ ቢቀየር የዳር ሠፈሮች ውክልና ይስተካከላል።»

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ተምታተዋል፦ ድምፅ ወደ ወንበር የሚለወጥበት መንገድና ወንበሮች በየአካባቢው የሚከፋፈሉበት መንገድ። ጀርባችን ትናንት እርሻ የነበረ፣ ዛሬ ፎቅ የበዛበት ቦታ ነው፤ የአዲስ አበባ ወንበር ግን ዛሬም 23 ነው። የሕዝብ ቆጠራ በየዐሥር ዓመቱ እንዲካሄድ፣ የምርጫ ክልሎችም ድንበር በቆጠራው ውጤትና በምርጫ ቦርድ ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ በፌዴሬሽን ምክር ቤት እንዲወሰን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ያዛል። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያኔ የቱሉ ዲምቱ ብሎኮች ገና አልተሠሩም። ስለዚህ ተመጣጣኝ ውክልና ነገ ቢጸድቅም ቆጠራው ካልተካሄደ የእኛ ቅሬታ ባለበት ይቆያል።

«ለውጡን ማዘግየትና ምርጫን ማራዘም አንድ ነው።»

አይደለም። አዲሱ ምክር ቤት የነባሩ የሥራ ዘመን ከማብቃቱ ከአንድ ወር በፊት ተመርጦ እንዲያበቃ ሕገ መንግሥቱ ስለሚያስገድድ፣ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ምርጫው ሲራዘም የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕገ መንግሥት ትርጉም መስጠት አስፈልጎታል። የምርጫ ሥርዓት ለውጥ ግን እንዲህ ያለ የመጨረሻ ቀን የለውም፤ ለዚህም ነው ሳይታወቅ የሚዘገየው።

«ሕገ መንግሥቱ ካልተሻሻለ ምንም ማድረግ አይቻልም።»

ይህ አባባል ለተወካዮች ምክር ቤት ይሠራል። አንቀጽ 54 ግን ስለ አዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት አመራረጥ አያወራም፤ አንቀጽ 49 የከተማዋን ራስን የማስተዳደር ዝርዝር ለሕግ ትቶታል። በዚህ ንባብ የከተማው ምክር ቤት አባላት በተመጣጣኝ ውክልና እንዲመረጡ ለማድረግ የሚያስፈልገው የፌዴራል ምክር ቤቱ የሚያወጣው መደበኛ አዋጅ ነው። ለከተማው ምክር ቤት «ጊዜው አልደረሰም» የሚል ሰው እንግዲህ ምክንያቱን ከሕገ መንግሥቱ ውጭ ማቅረብ ይጠበቅበታል።