ስለ መሬት መንቀጥቀጥ በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

"ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ብዙ ሰው ይሞታል።" የመሬት መንቀጥቀጥ ዜና ሲመጣ ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀው "ሬክተሩ ስንት ነበር?" ነው፣ ግን ቁጥሩ ብቻውን ብዙም አይነግርህም። በ2010 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) መጀመሪያ ላይ ሄይቲን የመታው 7.0 ነበር፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ቺሊን የመታው ደሞ 8.8። አንድ ቁጥር በጨመረ ቁጥር ጉልበቱ ወደ 32 እጥፍ ስለሚያድግ የቺሊው ከሄይቲው 500 እጥፍ ገደማ ይበልጣል ማለት ነው። የሞተው ሰው ግን ቺሊ ውስጥ 500 አካባቢ፣ ሄይቲ ውስጥ በትንሹ ግምት እንኳን በአስር ሺዎች የሚቆጠር፣ መንግስታቸው ደሞ ከ300 ሺ በላይ ነው ያለው። እርግጥ የሄይቲው ዋና ከተማዋ ፖርቶፕሪንስ አፍንጫ ስር ነው የተነሳው፣ ዋናው ነገር ግን ቤቱ ነው፤ ቺሊ በ1960 በ9.5 ተመታለች፣ በመሳሪያ ከተመዘገበው ሁሉ ትልቁ እሱ ነው፣ የግንባታ ህጓም ጠበቅ ያለ ነው፣ ፖርቶፕሪንስ ላይ ግን ያለ በቂ ብረት የቆመ ኮንክሪት ነው ሰው ላይ የወረደው።

"ከተነሳበት ቦታ ከራቅክ ምንም አትሆንም።" ይሄን ለሜክሲኮ ሲቲ ሰዎች ንገሯቸው! በ1985 መንቀጥቀጡ የተነሳው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ፓሲፊክ ዳርቻ ላይ ነው፣ ከተማዋ ግን የተሰራችው በደረቀ ሃይቅ ላይ ስለሆነ ከስር ያለው ለስላሳ ጭቃ ሞገዱን አጎላው፣ በሁለት ሴኮንድ አንዴ እየተወዛወዘ። የሚገርመው በብዛት የፈረሱት ከ6 እስከ 15 ፎቅ ያላቸው ናቸው፣ የራሳቸው ውዝዋዜ ከመሬቱ ጋር ገጠመና አለቁ፤ ከ40 ፎቅ በላይ ያለው ቶሬ ላቲኖአሜሪካና ግን ንቅንቅ አላለም ባይባልም ቆሞ ቀረ።

"የሚገድለው ፍርስራሽ ብቻ ነው።" ቶኪዮ፣ 1923፣ ለስድስት ሰአት ሁለት ደቂቃ ጉዳይ፣ ምሳ እየተሰራ ስለነበር ምድጃው ሁሉ ተገለበጠ፣ ነፋሱም ሃይለኛ ነበር። አንድ ባዶ ሜዳ ላይ እቃቸውን ተሸክመው ከሸሹት 38 ሺ ገደማ ሰዎች ተቃጠሉ፣ የተሸከሙት እቃ ራሱ ማገዶ ሆነ። በጠቅላላ ከሞቱት 105 ሺ ገደማ አብዛኞቹን የጨረሰው እሳት ነው።

"መሬት ተከፍታ ሰው ትውጣለች።" የፊልም ነገር ነው። ስንጥቅ ይፈጠራል፣ ግን ከስር መሬቱ በተሰበረበት መስመር ላይ ያሉት አለቶች እርስ በርስ እየተፋተጉ ይንሸራተታሉ እንጂ እንደ አፍ አይከፈቱም።

"ሳይንቲስቶች ቀድመው ያውቃሉ፣ ይደብቁናል።" እዚህ ላይ ሁሌ የምትጠቀሰው የቻይናዋ ከተማ ሃይቼንግ ናት፣ ቻይና በ1975 ሰዉን ቀድማ አስወጥታ ብዙ ነፍስ ያተረፈችበት። ግን እዛ ከዋናው በፊት ትናንሽ መንቀጥቀጦች ሲደጋገሙ ነበር። በዓመቱ ሌላዋ የቻይና ከተማ ታንግሻን ላይ እንደዛ አይነት ምልክት አልታየም፣ ሰው በተኛበት ከሌሊቱ 9:42 ላይ መታ፣ ከ240 ሺ በላይ ሞተ። አሁን ስልክ ላይ የሚመጣው ማስጠንቀቂያም ትንበያ አይደለም፣ መንቀጥቀጡ ከተነሳ በኋላ ቀድሞ የሚደርሰውን ቀላል ሞገድ ይዞ ከሃይለኛው በሴኮንዶች መቅደም ነው፣ መነሻው አጠገብ ላለ ሰው ደሞ እሷም አትደርስም።