ስለ ምክትል ርዕሰ መስተዳድር ቢሮ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አምና አክስቴ ከገጠር ወደ ክልሉ ከተማ መጣች። የመሬት ጉዳይ ይዛ ነው። ወረዳው አልሰማ አላት፣ ዞኑም አመላለሳት። ከዚያ ጎረቤት "ምክትል ርዕሰ መስተዳድሩ ጋ ካደረስሽው ያልቅልሻል" አላት። አመነች። ሦስት ቀን አብሬያት ዞርኩ። በእነዚያ ቀናት ከእሷም፣ በር ላይ ወረፋ ከያዘው ሰውም የሰማሁት ነገር እስካሁን ያሳስበኛል። ሰው ስለዚህ ቢሮ የተሳሳተ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ለአልጋና ለትራንስፖርት ያለችውን ይጨርሳል። ስለዚህ የሰማኋቸውን ላንሳቸው።

"ምክትሉን የመረጥነው እኛ ነን"

በምርጫ ቀን ድምፅ የምንሰጠው ለምክር ቤት አባላት ነው። ርዕሰ መስተዳድሩም ምክትሉም የሚሾሙት በምክር ቤቱ በኩል ነው። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል የክልሉ ምክር ቤት እንደሆነ፣ ተጠሪነቱም ለወከለው ሕዝብ እንደሆነ ይደነግጋል። እንግዲህ በቀጥታ የኛ የሆነው ሰው የአካባቢያችን ተወካይ ነው። ወረፋ ላይ ከነበሩት ስንቱ የተወካዩን ስም እንደሚያውቅ ጠየቅሁ። ሁሉም ዝም አለ።

"ምክትል ማለት ሁልጊዜ ሁለተኛ ሰው ነው"

ስሙ እንደዚያ ይላል። የቅርብ ጊዜ ታሪካችን ግን ሌላ ነው። ኢንጂነር ታከለ ኡማ በሐምሌ 2010 አዲስ አበባን መምራት ሲጀምሩ ሹመታቸው "ምክትል ከንቲባ" ነበር። ከበላያቸው ከንቲባ አልነበረም። ከንቲባ ለመሆን የከተማው ምክር ቤት አባል መሆን ያስፈልጋል፤ እሳቸው አባል አልነበሩም። የከተማዋ ቻርተር ተሻሽሎ ምክትሉ ከምክር ቤቱ ውጭ እንዲሾም ተፈቀደ። ወ/ሮ አዳነች አቤቤም በነሐሴ 2012 ሲመጡ ምክትል ከንቲባ ነበሩ። ከንቲባ የተባሉት ከምርጫው በኋላ፣ መስከረም 2014 ላይ ነው። ክልል ላይም ታይቷል። አቶ ሙስጠፌ መሐመድ ከነሐሴ 2010 ጀምሮ የሶማሌ ክልልን ሲመሩ በዜና የምንሰማው "ምክትል ርዕሰ መስተዳድር" እየተባሉ ነበር።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ግራ መጋባትም አለ። ዜና ላይ "በምክትል ርዕሰ መስተዳድር ማዕረግ የከተማ ክላስተር አስተባባሪ" ሲባል ትሰማላችሁ። ቀጥሎ ደግሞ የገጠር ክላስተር አስተባባሪ ይመጣል። ሰው "ይሄ ክልል ስንት ምክትል ነው ያለው?" ይላል። "ማዕረግ" የምትለውን ቃል ልብ በሉ። ሰውዬው የተሰጠው የምክትልን ደረጃ ነው፤ ሥራው ተቀራራቢ ቢሮዎችን ማስተባበር ነው። ብዙ ጊዜ አንዱን ቢሮ ራሱ ይመራል። አክስቴ ሁለቱን አምታታችና የመጀመሪያውን ግማሽ ቀን ጉዳይዋ የማይመለከተው በር ላይ ቆማ ዋለች።

"ርዕሰ መስተዳድሩ ከሌለ ወንበሩ የምክትሉ ነው"

ይህን ያስለመደን የ2004 ነሐሴ ይመስለኛል። አቶ መለስ ዜናዊ ሲያርፉ ምክትላቸው አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ተኩ። እሳቸውም ቢሆኑ ቃለ መሐላ ፈጽመው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት መስከረም 11 ቀን 2005 ነው። አማራ ክልል ላይ የሆነውን አስታውሱ። ሰኔ 15 ቀን 2011 ርዕሰ መስተዳድሩ ዶክተር አምባቸው መኮንን ባሕር ዳር ላይ ተገደሉ። ያንን ከባድ ሰሞን ክልሉን በተጠባባቂነት የያዙት ምክትላቸው አቶ ላቀ አያሌው ነበሩ። ሐምሌ 15 ምክር ቤቱ ርዕሰ መስተዳድር አድርጎ የሾመው ግን አቶ ተመስገን ጥሩነህን ነው። ምክትሉ ክፍተቱን ይሸፍናል፤ ወንበሩን የሚሰጠው ምክር ቤቱ ነው።

"ምክትሉ ጋ ከደረሰ ጉዳዬ አለቀ"

ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የአክስቴን ወረቀት ልከተለው።

ማመልከቻውን በር ላይ ካለ ጸሐፊ አስጻፈች። መዝገብ ቤት ገባ፤ ቁጥርና ቀን ተሰጠው። በማግስቱ ተመርቶ ወጣ። ኅዳጉ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ አንድ መስመር ተጽፎበታል፦ "ለመሬት ቢሮ፣ በአሠራሩ መሠረት ታይቶ ምላሽ ይሰጣቸው።" ከሥሩ ፊርማ። አክስቴ ወረቀቱን ሳመችው። እኔም ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ከዚያስ? ቢሮው በሸኚ ደብዳቤ ለዞኑ መምሪያ ላከው። መምሪያው ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ላከው። ወረቀቱ በመጨረሻ ያረፈው መጀመሪያ "አይሆንም" ያላት ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ማንም ስለጠላት አይደለም። የመሬት ማህደሩ ያለው ወረዳ ነው፤ ምክትሉ ከላይ ሆኖ ማህደር አገላብጦ አይወስንም። የሱ ቢሮ የሚያደርገው ለሚመለከተው አካል መምራት ነው። "በአሠራሩ መሠረት" የምትለውን ሐረግ አክስቴ "ይሰጣት" ብላ ነው ያነበበቻት። ትርጉሟ "ሕጉ ከፈቀደ" ነው። "ግልባጭ" የሚለውም እንዲሁ ነው። ደብዳቤ ግርጌ ላይ "ግልባጭ፦ ለምክትል ርዕሰ መስተዳድር ጽሕፈት ቤት" ስለተባለ ምክትሉ ጉዳዩን ያዘው ማለት አይደለም፤ እንዲያውቀው ተላከለት ነው።

አክስቴ የጎደላት አንድ ወረቀት ነበር፤ የወረዳው እምቢታ በጽሑፍ። በቃል "አይሆንም" ከተባላችሁ ቅሬታ ሰሚው ምኑን አይቶ ይመርምር? ዞኑስ ምኑን ይሽር? መጀመሪያ ውሳኔውን ከነምክንያቱ በደብዳቤ ጠይቁ። መዝገብ ቤት በገባችሁ ቁጥር ደግሞ የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን ጻፉ። ቁጥሩን ያልያዘ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ሲመለስ ከዜሮ ይጀምራል።

"ፍርድ ቤት የፈረደብኝን ምክትሉ ይሽርልኛል"

አይሽርም። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 79 የዳኝነት አካሉ ከማንኛውም የመንግሥት አካልና ባለሥልጣን ተጽዕኖ ነፃ ነው ይላል። ፍርድ ያልተስማማው ሰው መንገዱ ይግባኝ፣ ከዚያም ሰበር ነው። የይግባኝ ቀን እያለፈባቸው ቢሮ ለቢሮ ሲዞሩ የነበሩ አባት አግኝቼ አንጀቴን በሉት።

አስተዳደራዊ በደል ከሆነ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። አቤቱታ ለማቅረብ ገንዘብ አይከፈልም። ፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ ግን እሱም አያይም።

"ሰው ከሌለህ አትገባም"

በሩ አካባቢ "እኔ አስገባልሻለሁ" የሚል አይጠፋም። አክስቴ ከአንዱ ጋር ዋጋ ተነጋግራ ነበር፤ እግዜር ይስጠውና ብሩ ከመቀነቷ ሳይወጣ ደረስኩ። ማመልከቻ መዝገብ ቤት ለማስገባት ደላላ አያስፈልግም። እሱ የሚያስገባውም እዚያው መስኮት ነው።

አክስቴ አገሯ ተመልሳ ወረዳውን "እምቢታችሁን ጻፉልኝ" አለች። ሁለት ሳምንት አመላለሷት፣ ከዚያ ጻፉላት። አሁን ፋይሏ ዞን ቅሬታ ሰሚ ጋ ነው። የደብዳቤውን ቁጥር በቃሏ ይዛዋለች። ስልክ በደወልኩ ቁጥር ከሰላምታ ቀጥላ እሱን ትነግረኛለች።