አይፕታዚያ፦ የባሕር አኳሪየም አረምና በደጋው ሰሜን ሸዋ ማስወገጃው

አይፕታዚያ ትንሽ ቡናማ የባሕር አኔሞኒ ናት። ቀጭን ግንድ አላት፤ አናቷ ላይ ረጃጅም ክንዶች ተዘርግተዋል። ተክል ትመስላለች እንጂ እንስሳ ናት። ሲነኳት እጥፍ ብላ ድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ትሸሸጋለች። ኮራል የሚባለውን የባሕር እንስሳ የሚያረባ ሰው አኳሪየም (የባሕር ውሃ ገንዳ) ውስጥ አንዴ ከገባች የምትወጣው በመከራ ነው። ማጃኖ የምትባል ሌላ አስቸጋሪ አኔሞኒም አለች፤ እሷ አጠር ደልደል ያለች ናት። ከታች የምናየው የመርፌ ዘዴ ለሁለቱም ይሠራል።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። እዚህ አይፕታዚያ በራሷ የምትመጣበት መንገድ የለም። የምትገባው ከውጭ በመጣ ድንጋይ ወይም ኮራል ላይ ተለጥፋ ነው። ስትገባ ዓይን አይይዛትም። ባለቤቱ የሚያያት ኮራሉ አጠገብ ክንዷን ዘርግታ ስትቆም ነው፤ ያኔ ደግሞ ብቻዋን አይደለችም።

ጥንካሬዋ ከአኗኗሯ ይመጣል። ሰውነቷ ውስጥ ጥቃቅን አልጌዎች ይኖራሉ፤ ከብርሃን ምግብ ሠርተው ያካፍሏታል። ብርሃን ቢያንሳት ከውሃው የምግብ ፍርፋሪ እየያዘች ትበላለች። በሚናደፉ ክሮቿ ጎረቤት ኮራሎችን ታቆስልና ቦታቸውን ትወስዳለች። ሳይንቲስቶች የኮራልና የአልጌን ትብብር ለማጥናት ላቦራቶሪ ውስጥ ሆን ብለው ያረቧታል። የዘረመል ካርታዋም እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ለእነሱ በረከት፣ ለአኳሪየም ባለቤት ጣጣ።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው በጣቱ ወይም በቢላ መፋቅ ነው። ይኼ ነገሩን ያባብሰዋል። ከእግሯ የተረፈች ቁራጭ ሥጋ ራሷን ችላ አዲስ አኔሞኒ ትሆናለች። የመንዝ ገበሬ ሰርዶን የሚያውቀው በዚህ ጠባዩ ነው፤ በማረሻ ሲቆራረጥ በየቁራጩ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፦ ሳይቆርጡ፣ ባለችበት፣ ሙሉ በሙሉ መግደል።

ለዚህ ዋናው መሣሪያ ተራ ሲሪንጅ ነው። አስተማማኝ መድኃኒት ንፁህ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ከኖራ ወገን የሆነ ነጭ ዱቄት። ለግድግዳ ቀለም የሚሸጠው ኖራ ግን ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅምና አይሆንም። ዱቄቱ በጥቂት ውሃ ይበጠበጣል፤ በመርፌ ለማለፍ እስኪበቃ ቀጠን፣ በውሃው እንዳይበተን ደግሞ ወፈር ማለት አለበት። ጓንትና መነጽር ግዴታ ናቸው፤ ዓይን ያቃጥላል።

ከዚያ ውሃውን የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕ ይጠፋል። ውሃው ሲረጋ መርፌው ከጎን በኩል በዝግታ ይጠጋል። ጥላ ሲያርፍባት ወይም ውሃው ሲነቃነቅ ትሰበሰባለችና መቸኮል አያዋጣም። ሊጡ የሚያርፈው መሐሏ ላይ፣ አፏ ባለበት ነው። ያኔ ክንዶቿን ወደ ውስጥ ታጥፋለች፤ ሊጡንም ይዛው ትገባለች። የገባችበት ቀዳዳም በዚያው ሊጥ ይደፈናል። ትንሽ ቆይቶ ፓምፑ ይበራል። ከጥቂት ቀን በኋላ እዚያው ቦታ ማየት ያስፈልጋል፤ ከትልቋ አጠገብ ልጆቿ ብቅ ሊሉ ይችላሉ።

ሎሚ ጭማቂና ኮምጣጤም ይወጋሉ። ርካሽና በየገበያው የሚገኙ ናቸው፤ ትልልቆቹ ላይ ግን ሁልጊዜ አይሳካም። የፈላ ውሃም ይሠራል። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሥጋዋን ለመቀቀል ይበቃል፤ ችግሩ ሲሪንጁ ውስጥ ቶሎ መብረዱ ነው።

በአንድ ቀን ሁሉንም ልጨርስ ማለት ግን አደጋ አለው። ኖራው የውሃውን ፒኤች (የአሲድነቱን መለኪያ፤ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) ከፍ ያደርጋል። የሞቱት ደግሞ ሲበሰብሱ ኦክስጅን ይበላሉ። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ ለስህተት የሚተርፍ የለም። በየጥቂት ቀኑ ጥቂት ጥቂት መውጋት፣ አየር የሚነፋውንም መሣሪያ አለማጥፋት ይሻላል።

አይፕታዚያን ብርዱም ያግዛታል። ኮራል 25 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል፤ የደብረ ብርሃን የኅዳር ሌሊት ደግሞ ውርጭ ነው። መብራት ሄዶ ማሞቂያው ሲቆም ኮራሉ ቀድሞ ይጎዳል፤ እሷ ብዙ ትችላለች። ሸዋ ሮቢት ላይ ችግሩ ተገልብጦ ሙቀት ይሆናል፤ እሱንም ቢሆን ከብዙ ኮራል በተሻለ ትቋቋመዋለች።

እሷን የሚበሉ እንስሳት አሉ። በርጊያ የምትባል ዛጎል የሌላት የባሕር ቀንድ አውጣ ምግቧ አይፕታዚያ ብቻ ነው፤ ስትጨርስም በረሃብ ትሞታለች። ፔፐርሚንት ሽሪምፕ ትንንሾቹን ይበላል፤ ከጠገበ ግን ዞር ብሎ አያያቸውም። በርጊያንም ካገኘ ይበላታልና ሁለቱን አንድ ላይ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው። ረጅም አፍ ያለው ኮፐርባንድ የሚባለው ዓሣ ትልቅ አኳሪየም ይፈልጋል፤ ምግብም ይመርጣል። እነዚህን ከውጭ አስጭኖ ደብረ ብርሃን በሕይወት ማድረስ ራሱ ፈተና ነው። በእኔ ግምት እዚህ አገር ሲሪንጁ ይቀድማል።

አኳሪየሙን ከወረሰችው ድንጋዩን አውጥቶ ለሳምንታት ማድረቅ ይቻላል፤ ለዚህ የበጋው ፀሐይ ጥሩ ነው። ድንጋዩ ላይ ያለው ሌላ ሕይወትም አብሮ ይሞታል። ድንጋይ ቤት ውስጥ መቀቀል ግን ፈጽሞ ክልክል ነው። አንዳንድ ኮራል መሰል እንስሳት ፓሊቶክሲን የተባለ ኃይለኛ መርዝ አላቸው፤ በእንፋሎቱ ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል የገባበት ጊዜ አለ።

አዲስ የመጣ ኮራል ቀጥታ ዋናው ውሃ ውስጥ አይገባም። ለብቻው፣ ብርሃን ባለው ትንሽ ገንዳ ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት ይቆያል። የተጣበቀበትን መቀመጫ ቆርጦ መጣል ከተቻለ ደግሞ የተሻለ ነው፤ አይፕታዚያ ብዙ ጊዜ የምትደበቀው እዚያ ሥር ነው።