«ከባሕር ጠለል በላይ» ሲባል የትኛው ባሕር ነው?

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት እንላለን። ባሕሩ ግን የት አለ? ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሡት፣ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ጠለሉ ጂኦይድ ይባላል፦ ነፋስና ማዕበል ባይነካው ውሃ በስበት ብቻ ረግቶ የሚይዘው ገጽ፣ ከየብስ ሥርም እንደቀጠለ ታስቦ። ስበት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ገጹ እዚህ ያብጣል፣ እዚያ ይሰረጉዳል። ጂፒኤስ የሚለካው ግን ከለስላሳ የሒሳብ ቅርጽ ተነሥቶ ነው፤ ሁለቱ አንዳንድ ቦታ እስከ 100 ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ልዩነቱን ለማወቅ ስበትን መለካት ግድ ነው።

የባሕር ጠረፍ ላይ ይህ ይከብዳል። በየብስ መሣሪያውን ይዞ መዞር ይቻላል፤ ጥልቅ ባሕር ላይ መርከብና ሳተላይት አሉ። ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ግን መርከብ አይገባም፤ የሳተላይቱን ራዳርም የየብሱ ነጸብራቅ ያውከዋል። ክፍተቱን የሚሞላው የስበት መለኪያ ይዞ ከየብስ እስከ ባሕር ሳያቋርጥ የሚበር አውሮፕላን ነው።

እኔን የሚደንቀኝ ረቂቅነቱ ነው። የምድር ስበት 980,000 ሚሊጋል (የስበት መለኪያ አሃድ) ገደማ ሲሆን የሚፈለገው የጥቂት ሚሊጋል ልዩነት ነው። የአውሮፕላኑ መንገጫገጭ ብቻ ከዚያ እጅግ ይበልጣል! ስለዚህ እንቅስቃሴው በጂፒኤስ በየቅጽበቱ ተለክቶ ይቀነሳል፤ የቀረውም ንዝረት በማለስለስ ይጣራል። ማለስለሱ ደግሞ ጥቃቅኑን ዝርዝር ስለሚያጠፋ ዝግ ብሎና ዝቅ ብሎ መብረር ይመረጣል።

እኛ የባሕር ጠረፍ የለንም፤ መሣሪያ ተሸክሞ የማይወጣበት የስሜን ገደል ግን አለን፤ ዘዴው እዚያም ይሠራል።