የጎጃም ገበሬና የመንግሥት ድጋፍ

ጎጃም ለራሱ ጠግቦ ለሌላው ከሚተርፉት አገሮች አንዱ ነው። የቢቸናና የደጀን ነጭ ጤፍ፣ የሜጫ፣ የቡሬና የጃቢ ጠህናን በቆሎ፣ የማቻከል ስንዴ። አዲስ አበባ የምትበላው እንጀራ ስንቱ ከዚህ እንደሚሄድ፣ የዓባይን በረሃ እያቃሰተ የሚወጣውን አይሱዙ ያየ ያውቀዋል። ለዚህ ገበሬ መንግሥት የሚያደርገው ድጋፍ ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ሊዘራ ሲል ይመጣል፣ ሊሸጥ ሲል ይጠፋል።

በንጉሡ ዘመን ከድጋፍ ይልቅ ግብር ነው የሚወራው። የ1960ው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሞጣንና ቢቸናን ለአመፅ አስነሳ። ጦር ተላከ፣ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ ግን ጎጃሜው አልበገር ሲል ንጉሡ ውዝፉን ግብር ማሩለት፣ አገረ ገዢውም ተነሡ።

ደርግ በ1960ዎቹ መጨረሻ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅትን አቋቋመና ኮታ መጣ፤ ገበሬው የተወሰነ እህል ለመንግሥት መሸጥ ግዴታው ሆነ። ዋጋውን የሚቆርጠው መንግሥት ነው፣ ያውም ከገበያው በብዙ ዝቅ አድርጎ። ኮታው ያልሞላለት ሰው ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክብ ነበር። በ1982 ኮታው ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የማዳበሪያ ታሪክ ነው። በ1985 ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው የውጭ የግብርና ድጋፍ ፕሮግራም የሠርቶ ማሳያ ማሳዎቹን ይዞ መጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ መንግሥት ፓኬጁን፣ ማለትም ምርጥ ዘሩን፣ ማዳበሪያውንና ምክሩን በአንድ ላይ፣ ወስዶ በየቀበሌው አዳረሰው። ቢኤች 660 የተባለው ድቅል በቆሎ ምዕራብ ጎጃምን ጎተራ በጎተራ አደረገው። ችግሩ፣ በ1989 እና 1990 ግድም የማዳበሪያ ድጎማው ተነሣ። የቀጠለው ብድሩ ብቻ ነው፤ ክልሉ ለባንክ ዋስ ይሆናል፣ ገበሬው ዳፕና ዩሪያውን በዱቤ ይወስዳል፣ ከአጨዳ በኋላ ይከፍላል።

1993 እና 1994 ዝናቡም ምርቱም ጥሩ ነበር። ጥሩ መሆኑ ነው ጉዱ። በቆሎው ገበያውን አጥለቀለቀውና ዋጋው በጥቂት ወራት ከግማሽ በታች ወረደ። ለማሳጨጃና ለማጓጓዣ የሚወጣው ገንዘብ ከሽያጩ ስለሚበልጥ ማሳ ላይ የተወው ነበር። የማዳበሪያው ዕዳ ግን አብሮ አልወረደም። ሰብሳቢው የመጣው በቆሎው ርካሽ በሆነበት ወር ነው፤ ስለዚህ በሬ ተሸጠ። ዋጋ የማረጋጋት ሥራ ይሠራ የነበረው የእህል ንግድ ድርጅትም ከጥቂት ዓመት በፊት ኃላፊነቱ ተነሥቶለት ነበር። የተቃጠለው ገበሬ በቀጣዩ ዓመት ማዳበሪያ ቀነሰ፣ ድርቅም ተጨመረበት፣ ዋጋው ተመልሶ ሰማይ ነካ። በዚያን ጊዜ የሚሸጥ እህል ያለው ግን ጥቂት ነው። በ2000 የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲቋቋም ይኸው ውድቀት እንደ አንድ ምክንያት ሲነሣ ነበር። የምርት ገበያው ግን የኖረው በቡናና በሰሊጥ ነው፣ ለበቆሎ እምብዛም አልጠቀመውም።

ዛሬ ሸክሙን የተሸከሙት ዩኒየኖቹ፣ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጥምረቶች፣ ናቸው፤ መርከብ ባሕር ዳር፣ ጎዛምን ደብረ ማርቆስ። ማዳበሪያውን የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ከውጭ ያስገባል፣ እነሱ ይረከባሉ፣ መሠረታዊ ማኅበራቱ ለየአባሉ ያድላሉ። የብድሩን ድርሻ ለረጅም ጊዜ የያዘው አብቁተ፣ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ነበር፤ ኋላ ፀደይ ባንክ ሆነ። ሰው ዩኒየን ላይ ብዙ ያማርራል፣ አንዳንዱም እውነት ነው። ግን ያለነሱ ገበሬውና ነጋዴው ብቻ ለብቻ ቢፋጠጡ ማን እንደሚሸነፍ ግልጽ ነው።

በ2014 የዓለም የማዳበሪያ ዋጋ ጣሪያ ሲነካ መንግሥት ወደ ድጎማ ተመለሰ፣ የተጠራው አኃዝ 15 ቢሊዮን ብር ነበር። በ2015 ደግሞ ዋጋው ቀርቶ ማዳበሪያው ራሱ ጠፋ። ገበሬ ባሕር ዳር ድረስ መጥቶ ሰልፍ ወጣ። አንዳንዱ ኮንትሮባንድ ነው አለ፣ አንዳንዱ ግዢው ዘገየ አለ፤ ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ የአማራ ክልሉ ጦርነት መጣ፣ መንገድ ተዘጋ። ሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ በዶላር የሚገዛ ነገር ሁሉ አሻቀበ፤ ድጎማው ቢቀጥልም የኩንታሉ ዋጋ ከበፊቱ ከበደ።

የአፈር አሲድም አለ። ማቻከልና አዊ ላይ ኖራ ካልተበተነ ማዳበሪያው ግማሹ ከንቱ ነው። ድንጋዩ ደጀን ይፈጫል፣ ማሳው ጋ ማድረሱ ግን ሌላ ወጪ ነው። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ይህን ሁሉ ዓይቶ እርሻውን ዲከረንስ የተባለ ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ተከለበት። ዩሪያ አይጠይቅ፣ ከሰሉ አዲስ አበባ ይሸጣል፣ አፈሩም ያገግማል። ይህን ያስተማረው ፓኬጅ አልነበረም፣ ጎረቤት ከጎረቤት ነው የተማማረው። በቅርብ ዓመታት ግን ዛፉን ዋግ መታው፤ ነቅሎ ወደ ጤፍና ድንች የተመለሰውም እንደገና ማኅበሩ ደጅ ለማዳበሪያ ተሰልፏል።