ሲስተም ሲቀየር የሚጠራው የሴኩሪቲ አማካሪ

ባንክ ኮር ባንኪንጉን (ሂሳቡ ሁሉ የሚሰራበትን ዋናውን ሲስተም) ሲቀይር፣ ኢንሹራንስ ደንበኞቹን በአፕ ማስተናገድ ሲጀምር፣ ወይ ሁለት ድርጅት ተዋህዶ ሲስተማቸው ሲቀላቀል ከፕሮጀክት ማናጀሩና ከቬንደሩ (ሲስተሙን ከሚሸጠው ድርጅት) ጎን ስብሰባ የሚገባ አንድ ሰው አለ፣ የኢንፎርሜሽን ሴኩሪቲ አማካሪ። ብዙ ሰው ሃከር ሲያሳድድ የሚውል ይመስለዋል፣ ኧረ በጭራሽ፣ ቀኑ የሚያልቀው ዶክመንት በማንበብና ሰው በጥያቄ በማሰልቸት ነው። ይሄ ዳታ የማነው፣ የት ይቀመጣል፣ ማን ያየዋል፣ ቬንደሩ ከውጭ ሲገባ በማን አካውንት ነው የሚገባው፣ የድሮው ሲስተምስ መቼ ነው የሚዘጋው? (የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልስ የላትም፣ "ለጊዜው ይቆይ" የተባለ ሰርቨር ስንት አመት እንደሚቆይ የአይቲ ሰው ያውቀዋል።)

የስራውን ጥቅም ለማስረዳት እንደ መጋቢት 2016ቱ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነገር የሚሆን የለም። ባንኩ ሲስተሙ ላይ ማሻሻያ ሲሰራ በተፈጠረ ችግር ሰዎች አካውንታቸው ላይ ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፣ ወሬው በሌሊት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገባ፣ ተማሪው ኤቲኤም ላይ ተሰለፈ፣ ባንኩ ራሱ እንዳለው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ያለአግባብ ወጣ፣ አብዛኛው ቢመለስም ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ እስከመለጠፍ ተደርሷል። የሳይበር ጥቃት አይደለም ተባለ፣ ልክ ነው፣ ሰብሮ የገባ የለም። ግን ለኔ ይሄ ንጹህ የሴኩሪቲ ጉዳይ ነው፣ ምክንያቱም አማካሪው የሚጠብቃቸው ነገሮች ሚስጥር ብቻ ሳይሆኑ የሂሳቡ ትክክለኛነትና የሲስተሙ መስራትም ናቸው። እንግሊዝ አገርም ቲኤስቢ የሚባለው ባንክ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2018 አምስት ሚሊዮን ገደማ ደንበኞቹን በአንድ ቅዳሜና እሁድ ወደ አዲስ ሲስተም አዛውራለሁ ብሎ እስከ 1.9 ሚሊዮን ሰው አካውንቱ ውስጥ መግባት አቃተው፣ በ2022 ደግሞ ተቆጣጣሪዎቹ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት።

ስራው በደንብ ከተሰራ የሚጀምረው ቬንደር ሳይመረጥ ነው። አንድ ሰው ክፍያ አዘጋጅቶ ራሱ እንዳያጸድቅ፣ ማን ምን እንደነካ ሎግ እንዲያዝ፣ ችግር ከመጣ ወደ ድሮው መመለስ እንዲቻል፣ ይሄ ሁሉ ውሉ ውስጥ መግባት አለበት፣ ከተፈረመ በኋላ የሚጠየቅ ነገር ሁሉ ተጨማሪ ብር ነው። በተግባር ግን አማካሪው የሚጠራው ጎ ላይቭ (አዲሱ ሲስተም ስራ የሚጀምርበት ቀን) ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው። ፔኔትሬሽን ቴስት (እንደ ሃከር ሆኖ ሲስተሙን ሰብሮ ለመግባት መሞከር) ይደረጋል፣ ከባድ ክፍተት ይገኛል፣ ማስተካከያ ጊዜ የለም፣ ከዛ ሁሉም ዞሮ አማካሪውን ያያል። ሌላው የሚያናድደው ቴስት ላይ እውነተኛ የደንበኛ ዳታ መገልበጥ ነው፣ ቴስት ሰርቨሩን ደግሞ ፕሮጀክቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ይገባበታል፣ ፓስወርዱም በቴሌግራም ነው የሚዞረው።

እዚህ ጋ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳትባት ነገር አለች፦ አማካሪ "አይቻልም" ብሎ ፕሮጀክት የማስቆም ስልጣን የለውም። ስልጣኑ ሪስኩን ለሁሉም በሚገባ ቋንቋ ጽፎ ("ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን አለ" ሳይሆን "የውጭ ሰው የደንበኞችን ቀሪ ሂሳብ ማየት ይችላል" ብሎ) የቢዝነሱ ኃላፊ እንዲፈርምበት ማድረግ ነው፣ እስከመቼ እንደሚስተካከልም ቀን ተቆርጦለት። እስክሪብቶ እጃቸው ሲገባ ጎ ላይቭ ይራዘም የሚሉ ኃላፊዎች ብዙ ናቸው።

መመሪያ በኩል ብዙ ቦታ የሚጠቀሰው አይኤስኦ 27001 የሚባለው ዓለም አቀፍ የኢንፎርሜሽን ሴኩሪቲ ስታንዳርድ ነው፣ የ2022ቱ እትም ካሉት 93 መቆጣጠሪያዎች አንዱ ሴኩሪቲ የፕሮጀክት አመራር አካል ይሁን ይላል። እኛ ጋ ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) አለ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የደንበኛ መረጃ ጉዳይ የህግም ጥያቄ ሆኗል። ወደ ስራው የሚገቡት ከኔትወርክ፣ ከሲስተም አድሚንና ከአይቲ ኦዲት የመጡ ሰዎች ናቸው፣ ሲአይኤስኤስፒ የሚባለው የሴኩሪቲ ባለሙያ ሰርተፍኬት የ5 አመት የስራ ልምድ ይጠይቃል።

ጎ ላይቭ ሆኖ ኬክ ከተቆረጠ በኋላ ቡድኑ ይበተናል፣ አማካሪው ግን ለቬንደሩ "ለአንድ ሳምንት ብቻ" ተብለው የተከፈቱትን አካውንቶችና የፋየርዎል ቀዳዳዎች አንድ በአንድ እያስዘጋ ይቆያል፣ በዛን ሰአት ደግሞ ስልክ የሚያነሳለት የለም።